ከአሳኩራ ፍርስራሽ ምን እንማራለን?

በጃፓን አገር፥ ከፉኩዪ ከተማ ወጣ ብሎ፥ ኢቺጆዳኒ የሚባል ጠባብ ሸለቆ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1471 እስከ 1573 ድረስ የአሳኩራ መሳፍንት አምስት ትውልድ ሙሉ በዚህ ተቀምጠው የኤቺዘንን አገር ገዝተዋል። ወደ 10,000 ሰው ይኖርበት ነበር ተብሎ የሚገመተው ከተማ ተቃጥሎ በሩዝ እርሻ ሥር ተቀብሮ ከቆየ በኋላ በ1967 መቆፈር ጀመረ።

ስፍራውን በጎበኘን ጊዜ አስቀድሞ የታየን አንድ ያማረ የእንጨት በር ነው። ብዙ ሰው የመስፍኑ በር ይመስለዋል፤ ነገር ግን በኋላ ዘመን የተሠራ ነው። የእውነተኛው ግቢ ምልክት በሦስት ወገን የከበበው የውሃ ቦይና የአፈር ካብ፥ በውስጡም የተደረደረው የመሠረት ድንጋይ ብቻ ነው።

የዚህ ቤት መሥራች ታካካጌ ለዘሮቹ እንደ ተወው የሚነገር 17 አንቀጽ ያለው ደንብ አለ። ሹመት በችሎታና በታማኝነት እንጂ በዘር አይሰጥ ይላል። በአንድ ውድ ጎራዴ ዋጋ መቶ ጦር ገዝቶ መቶ ሰው ማስታጠቅ እንደሚሻልም ይመክራል። እንግዲህ ይህን የመሰለ ብልህ ደንብ የነበረው ቤት ስለ ምን ፈረሰ?

የመጨረሻው መስፍን ዮሺካጌ ዘንድ አሺካጋ ዮሺያኪ የሚባል የሾጉን ወንድም በስደት መጥቶ ነበር። ልመናውም፥ ወደ ኪዮቶ አድርሰህ በሹመቴ አስቀምጠኝ የሚል ነበር። ዮሺካጌ ግን ነገሩን ከቀን ወደ ቀን አሳደረው። እንግዳውም ታክቶት ወደ ኦዳ ኖቡናጋ ሄደ፤ ኖቡናጋም በ1568 ኪዮቶ አስገብቶ ሾጉን አሰኘው፤ በዚህም ኃይሉ በረታ። ከአምስት ዓመት በኋላ ኢቺጆዳኒን ያቃጠለው ይኸው ኖቡናጋ ነው። ዮሺካጌም ሸሽቶ የገዛ ዘመዱ ስለ ከዳው ራሱን ገደለ።

ዮሺካጌ የጎረቤት አማፂያን ስጋት ነበረበት፤ ስለዚህ መዘግየቱ አይፈረድበትም የሚሉ አሉ። ስጋቱ እውነት ነው። ሆኖም ኖቡናጋም ቢሆን በጠላት የተከበበ ሰው ነበር። በእኛ አስተያየት ጉድለቱ ሌላ ነው፤ የአያቶች ደንብ ሹማምንቱን በችሎታ መዘነ እንጂ የመስፍኑን ወንበር አልነካም። ወንበሩ በውርስ ለሚያመነታ ሰው ሲደርስ የሚያርመው አልነበረም።

እኛም አዲስ ሹመት የተቀበልን ወጣቶች ጥሩ ደንብ በመዝገብ ስላለ ብቻ ሥራው የተሠራ አይምሰለን። ደንቡ አስቀድሞ የሚመዝነው ፈራሚውን ራሱን ይሁን። ባለጉዳይ ደጃችን ቆሞ ሳለም «ጉዳዩ ይጠና» የምንለው ለማጥናት ይሁን ለማሳደር ራሳችንን እንጠይቅ፤ ደጅ ጠንቶ የታከተው ሰው ሌላ በር መፈለጉ አይቀርምና።