ካርቱም፦ በማዮ ሠፈር ጠመንጃው በማን እጅ ይቆያል?

የሱዳን ጦር የካርቱም ግዛትን ሙሉ በሙሉ መቆጣጠሩን ካወጀበት ከግንቦት 2017 ዓ.ም. ወዲህ የመዲናዋ ባለሥልጣናት አንድ ከባድ ጥያቄ ተደቅኖባቸዋል፤ በጦርነቱ በሲቪሎች እጅ የገባውን ጠመንጃ እንዴት ማስመለስ ይቻላል?

ጥያቄው ከሁሉም በላይ የሚከብደው በከተማዋ ደቡባዊ ዳርቻ ነው። ስሙን እ.አ.አ. በግንቦት 1969 ጃፋር ኒሜሪ ሥልጣን ከያዙበት ‘የግንቦት አብዮት’ የወሰደው ማዮ፣ ባለፉት አሥርት ዓመታት ከድርቅና ከጦርነት የሸሹ ሰዎች የተጠለሉበት ሠፈር ነው። ከዳርፉር፣ ከኑባ ተራሮችና ከደቡብ ሱዳን የመጡ ቤተሰቦች በጭቃ ቤቶችና በቆርቆሮ መጠለያዎች ተጠጋግተው ይኖሩበታል። ‘ኢመርጀንሲ’ የተባለው የጣልያን የረድኤት ድርጅት እ.አ.አ. በ2005 የሕፃናት ሕክምና ማዕከል የከፈተውም የአካባቢው ድህነት የጠና በመሆኑ ነበር።

በዚህ ሠፈር ጠመንጃ መያዝም ሆነ ጠመንጃ ማስረከብ የየራሱ አደጋ አለው።

የስፖርት መሣሪያና የጦር መሣሪያ

በሌላው ዓለም በሲቪሎች እጅ ስላለ ጠመንጃ የሚደረገው ክርክር በአብዛኛው የሚያተኩረው በከፊል አውቶማቲክ በሆኑት ላይ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች ቃታቸው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ ይተኩሳሉ፤ ቀጣዩን ጥይት የሚያጎርሱት ግን በራሳቸው ነው። በአሜሪካ ‘የስፖርት ጠመንጃ’ እየተባሉ ይሸጣሉ፤ ባለቤቶቻቸውም ሰደፉን፣ ማነጣጠሪያውንና አፈሙዙን እየለወጡ ለራሳቸው እንዲመቹ ያደርጓቸዋል። የኢላማ ተኳሽ ዋነኛ ጭንቀት ትክክለኛነት ነው። በ100 ሜትር ርቀት የተተኮሱ ጥይቶች በሦስት ሳንቲ ሜትር ክብ ውስጥ ቢያርፉ ጥሩ ውጤት ይባላል።

ይህ ስፖርት የሚቆመው ግን በሕግና በተቋማት ላይ ነው፤ የተከለለ የመተኮሻ ሜዳ፣ አሠልጣኝ፣ ፈቃድ፣ መዝገብ እንዲሁም የመሣሪያውን ቁጥር ከባለቤቱ ስም ጋር የሚያውቅ መንግሥት ይፈልጋል። በስዊዘርላንድ የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎቱን የጨረሰ ሰው ጠመንጃውን ይዞ መቅረት ከፈለገ መሣሪያው ወደ ከፊል አውቶማቲክ ይቀየራል፤ ፈቃድም ይጠየቃል። ኒው ዚላንድ እ.አ.አ. በመጋቢት 2019 በክራይስትቸርች መስጊዶች 51 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ፣ አውስትራሊያም እ.አ.አ. በ1996 በፖርት አርተር 35 ሰዎች ካለቁ በኋላ አብዛኞቹን ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች አግደው ከባለቤቶቻቸው በገንዘብ ገዝተዋል። ሁለቱም አገራት ይህን ማድረግ የቻሉት መሣሪያውን የሚያስረክብ ዜጋ ‘ፖሊስ ይጠብቀኛል’ ብሎ ስለሚያምን ነው።

በሱዳን ይህ እምነት የለም። የአገሪቱ የጦር መሣሪያ ሕግ እ.አ.አ. ከ1986 ጀምሮ ፈቃድ ያስገድዳል። ይሁንና ‘ስሞል አርምስ ሰርቬይ’ የተሰኘው የጥናት ተቋም ለእ.አ.አ. 2017 ባወጣው ግምት በሱዳን ሲቪሎች እጅ 2.8 ሚሊዮን ገደማ የጦር መሣሪያ ነበር። ይህ አሁን ካለው ጦርነት በፊት የነበረ ግምት ነው። በአገሪቱ በብዛት የሚታዩት ክላሽንኮቭና ጂ-3 ደግሞ የተሠሩት ለወታደር ነው፤ አንድ ማርሽ በማዞር ብቻ ከነጠላ ወደ ተከታታይ ተኩስ ይለወጣሉ። በስፖርትና በጦር መሣሪያ መካከል ያለው የሕግ መስመር እዚህ ትርጉም ያጣል።

የትክክለኛነት ጥያቄም ሌላ መልክ ይይዛል። ከክላሽ የወጣ ጥይት የጭቃ ግድግዳ በስቶ ሊያልፍ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይም ሊጓዝ ይችላል። ቤቶች በተጠጋጉበትና የመተኮሻ ሜዳ በሌለበት ሠፈር፣ ሥልጠና ያላገኘ ሰው ሌባን ለማባረር የሚተኩሰው ጥይት የሚያርፈው ጎረቤት ቤት ሊሆን ይችላል። ለሠርግ ወደ ሰማይ የተተኮሰውም ተመልሶ የሚወድቀው ሰው ባለበት መንደር ላይ ነው።

መንግሥት የሰበሰበውን መልሶ ሲያድል

የሱዳን መንግሥት መሣሪያ ለማስፈታት ሲሞክር ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በፕሬዝዳንት ኦማር አል-በሽር ዘመን ነሐሴ 2009 ዓ.ም. በዳርፉርና በኮርዶፋን ሰፊ የማስፈታት ዘመቻ ተጀምሮ ነበር። የጎሣ መሪውና የሚሊሻ አዛዡ ሙሳ ሂላል ‘አላስረክብም’ በማለታቸው ኅዳር 2010 ላይ ታሰሩ። እሳቸውን የያዘው ግን ሌላ የታጠቀ ኃይል፣ በጄኔራል መሐመድ ሐምዳን ዳጋሎ (ሄሜቲ) የሚመራው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል ነበር። ዘመቻው አንዱን ታጣቂ ትጥቅ ሲያስፈታ ሌላውን አጠነከረ።

አል-በሽር ከወደቁ በኋላ መስከረም 2013 ዓ.ም. የሽግግር መንግሥቱ ከሲቪሎች የተሰበሰቡ 300 ሺህ የጦር መሣሪያዎችን ከካርቱም በስተሰሜን በሚገኘው ሐጀር አል-አሰል ማውደሙን አስታውቆ ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. በጦሩና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ፈነዳ። በሰኔ ወር የጦሩ አዛዥ ጄኔራል አብደልፋታህ አል-ቡርሃን ወጣቶች መሣሪያ አንስተው አገራቸውን እንዲከላከሉ ጠሩ። በታኅሣሥ 2016 ዋድ መዳኒ በፈጥኖ ደራሹ እጅ ከወደቀች በኋላ ደግሞ ‘ሕዝባዊ ተቃውሞ’ በተባለው ንቅናቄ ሥር በየግዛቱ ሲቪሎች ታጠቁ።

ከዚህ ታሪክ ተራው ሱዳናዊ የሚወስደው ትምህርት ቀላል ነው። መንግሥት ዛሬ ‘ሕገ-ወጥ’ ብሎ የሚሰበስበውን መሣሪያ ነገ ‘የአገር ፍቅር’ ብሎ ያድለዋል፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ መልሶ ይጠይቃል። የተባበሩት መንግሥታት የፀጥታው ምክር ቤት በሱዳን ላይ የጣለው የጦር መሣሪያ ማዕቀብም የሚመለከተው ዳርፉርን ብቻ በመሆኑ ወደ ቀሪው የአገሪቱ ክፍል የሚገባውን አያግድም።

ከለላው ማስረጃ ሲሆን

ማዮ ጦርነቱን ያየው ከቅርብ ነው። ጳጉሜ 5/2015 ዓ.ም. በአካባቢው ባለው ጎሮ ገበያ ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 43 ሰዎች ተገድለዋል፤ ቁስለኞቹ የተወሰዱት ወደ በሻየር ሆስፒታል ነበር። ገበያተኛን ከሰማይ ከሚወርድ ፈንጂ የሚያድን ጠመንጃ የለም። ሆኖም ደቡባዊው የካርቱም ክፍል በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ቁጥጥር ሥር በቆየባቸው ወራት ዘረፋና አፈና በመበርታቱ፣ ጠመንጃ በቤት መኖሩ ለብዙዎች ብቸኛ ዋስትና መስሎ የሚታይበት ጊዜ ነበር።

ጦሩ መጋቢት 2017 ካርቱምን መልሶ ሲቆጣጠር ሌላ ስጋት መጣ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር ፎልከር ቱርክ በዚያው ወር መጨረሻ ባወጡት መግለጫ፣ ከፈጥኖ ደራሹ ጋር ተባብረዋል የተባሉ ሲቪሎች ያለ ፍርድ እየተገደሉ መሆኑን የሚያመለክቱ ሪፖርቶች እንዳስደነገጧቸው ተናግረዋል። መሥሪያ ቤታቸው በደቡባዊ ካርቱም ‘ደቡብ ሒዛም’ በተባለው አካባቢ ብቻ አንዲት ሴትን ጨምሮ ቢያንስ 20 ሰዎች ተገድለዋል የሚል ክስ መመርመሩንም አስታውቋል።

የማዮ ነዋሪ ችግር የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። ከዳርፉር ወይም ከኮርዶፋን የመጣ ሰው ከአነጋገሩና ከመልኩ የተነሳ ‘የፈጥኖ ደራሹ ወገን’ ተብሎ ለመጠርጠር የቀረበ ነው። በቤቱ ፈቃድ የሌለው ጠመንጃ ከተገኘ ጥርጣሬው ወደ ክስ ይለወጣል። ትናንት ከዘራፊ ይጠብቀኛል ያለው መሣሪያ ዛሬ እንደ ወንጀል ማስረጃ ሊቀርብበት ይችላል። ላስረክብ ቢል ደግሞ ‘ከየት አመጣኸው?’ የሚለውን ጥያቄ መመለስ አለበት። ያለ ምሕረት ዋስትና የሚደረግ ርክክብ ለእሱ ራስን አሳልፎ ከመስጠት አይለይም። በዚህም ምክንያት መሣሪያው ለመንግሥት ከመቅረቡ ይልቅ መሬት ውስጥ የመቀበሩ ወይም የመሸጡ ዕድል ይሰፋል።

ከመተማ ማዶ ያለው ተመሳሳይ ታሪክ

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። ጦርነቱ ሲፈነዳ ከካርቱም የሸሹ ኢትዮጵያውያንና ሱዳናውያን የተሻገሩባት መተማ፣ የጦር መሣሪያ ዝውውርም መስመር ናት። ኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177ን በ2012 ዓ.ም. ስታወጣ ያለ ፈቃድ መያዝን የሚከለክልና ነባር ባለመሣሪያዎችን ወደ ምዝገባ የሚያመጣ ሥርዓት ለመዘርጋት አስባ ነበር። ዓመት ሳይሞላ በትግራይ ጦርነት ተቀሰቀሰ። በ2015 ዓ.ም. መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎችን ሲያፈርስ ደግሞ በአማራ ክልል ውሳኔው ‘ያለ ጠባቂ ሊያስቀረን ነው’ በሚል ተቃውሞ ገጠመው፤ ግጭቱም ወደ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አመራ።

ጠመንጃ የክብርና የርስት ምልክት በሆነባቸው የኢትዮጵያ ገጠሮችም ሆነ ተፈናቃዮች በሚኖሩበት ማዮ፣ ባለመሣሪያው የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ‘እኔ ካስረከብኩ ሌላውስ ያስረክባል? ሌሊት በሬ ሲንኳኳ ማን ይደርስልኛል?’

በቅድሚያ ማን ይፍታ?

ጄኔራል አል-ቡርሃን ሐምሌ 2017 ዓ.ም. የታጠቁ ኃይሎች በሁለት ሳምንት ውስጥ ካርቱምን ለቅቀው እንዲወጡ አዝዘው፣ በጄኔራል ኢብራሂም ጃቢር የሚመራ ኮሚቴ ሠይመዋል። ትዕዛዙ ቢያንስ ቅደም ተከተሉን በትክክል ይዟል፤ የተደራጀው ታጣቂ ከከተማ ሳይወጣ ከግለሰቡ ጓዳ ጠመንጃ መፈለግ እ.አ.አ. በ2017 የተፈጸመውን ስህተት መድገም ነው።

ቀጣዩ እርምጃ ግን ከትዕዛዝ በላይ ይጠይቃል። የሚያስረክብ ሰው እንደማይከሰስ በግልጽ የሚደነግግ የምሕረት ጊዜ፣ መሣሪያውን በቁጥሩ መዝግቦ ደረሰኝ የሚሰጥ ሲቪል አካል፣ ነዋሪውን በትውልድ ቦታው የማይጠረጥር የሠፈር ፖሊስ ያስፈልጋል። እነዚህ እስካልተሟሉ ድረስ ዘመቻው የሚሰበስበው ከደካማው እጅ ብቻ ነው፤ ጉልበት ያለው ደብቆ ያስቀራል።

ማዮ ላይ አንድ አባወራ ጠመንጃውን ይዞ ለማስረከብ ቢወጣ የሚያጋጥመው ደረሰኝ ነው ወይስ እስር? የካርቱም ባለሥልጣናት ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ከተማዋ ከጦርነት መውጣቷን ወይም ሌላ ዙር መጠበቋን ይወስናል።