ደሜ ምን አለ?

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን ጥቂቶቹ በአንድ ላቦራቶሪ ስድስት ሳምንት ሠርተን ነበር። ሠርተን ነበር ማለት እንኳ ይበዛበታል፤ በብልቃጥ ላይ ቍጥር ስንለጥፍ ነበር የከረምነው። ደሙ ከሕሙማን ይቀዳል፤ በየብልቃጡ ይከፋፈላል፤ በሣጥን ውስጥ በደረቅ በረዶ ይታሸጋል፤ ሣጥኑም ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ይሄዳል። በዚህ ደም የሚፈለገው ነገር ምን እንደ ሆነ ስንጠይቅ «እናንተ ብቻ ቍጥሩን አትሳሳቱ» ተባልን። በመጨረሻው ሳምንት ለሁለተኛ ጊዜ ደም ለመስጠት የመጡ አንዲት እናት እጅጌያቸውን እየጠቀለሉ «ልጆቼ፥ ያን ጊዜ የወሰዳችሁት ደሜ ምን አለ?» ብለው ጠየቁን። እርስ በርሳችን ተያየን። ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም።

ይህን የምንጽፈው ያን ላቦራቶሪ ለመክሰስ አይደለም። ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለምና ስሙንም አንጠራም። የእኒያን እናት ጥያቄ ለዩኒቨርሲቲያችን፥ ለመምህሮቻችን፥ ከሁሉም በፊት ለራሳችን ለማቅረብ ነው የምንጽፈው። አገራዊ የምርምር ተቋም ማለት ምን ማለት ነው? በደጃፉ ባንዲራ የተሰቀለበት ቤት ማለት ነውን? ወይስ ደሙን የሰጠው ሕዝብ ልጆች ጥያቄውን ራሳቸው የሚጠይቁበት፥ ምርመራውን በእጃቸው የሚሠሩበት፥ መልሱንም ለወገናቸው የሚያስረዱበት ቤት ነው?

ለምሳሌ ሩቅ መሄድ አያሻንም። በአዲስ አበባ፥ በአለርት ግቢ ውስጥ፥ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት አለ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ኢንስቲትዩቱ በ1970 የተቋቋመው በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ርዳታ ሲሆን፥ ዋና ሥራው የሥጋ ደዌ ኢሚዩኖሎጂ ነበር፤ ይኸውም ሰውነት የበሽታውን ባክቴሪያ እንዴት እንደሚመክት፥ ወይም መመከት ስለ ምን እንደሚያቅተው መመርመር ነው። በ2004 ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተላለፈ። ዛሬ የሳንባ ነቀርሳን፥ የወባን፥ የሌይሽማንያሲስንና የሌሎችንም በሽታዎች ምርምር ይዟል፤ ብዙ ኢትዮጵያውያንም የማስተርስና የዶክትሬት ጥናታቸውን ሠርተውበታል። ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው፤ እኛም አንክድም።

ሥጋ ደዌ ለኢሚዩኖሎጂ ታላቅ መማሪያ ነው። ባክቴሪያው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፥ በአንዱ ሕመምተኛ ላይ የሰውነት መከላከያ ስለሚበረታ ጥቂት የደነዘዘ ነጠብጣብ ብቻ ይታያል፤ በሌላው ላይ ግን መከላከያው ዝም ስለሚል ባክቴሪያው በመላው ቈዳ ይራባል። ነርቭንም የሚጐዳው ባክቴሪያው ብቻ አይደለም፤ እርሱን ሊመታ የተነሣው የገዛ ሰውነታችን ጦር ጭምር ነው። ይህ ሪአክሽን የሚባለው ቍጣ በጊዜ ታውቆ ካልታከመ እጅ ይሽመደመዳል፥ እግር ይደነዝዛል፥ ዓይን ይጠፋል። በአገራችን ዛሬም በየዓመቱ ከ2000 በላይ አዲስ ሕሙማን ይመዘገባሉ። እንግዲህ ይህ ትምህርት ለፈተና የሚሸመደድ የሴል ስም ዝርዝር አይደለም። የሰው ጣት፥ የሰው ዓይን ያለበት ትምህርት ነው።

የዚህ ሕዝብ ደምና ቈዳ ለዓለም ብዙ ነገር ተናግሯል። በ1970ዎቹ ዓመታት ባክቴሪያው ዳፕሶን የሚባለውን መድኀኒት እየተላመደ መሄዱ በአዲስ አበባ ሕሙማን ላይ ታየ። ይህም ማስረጃ ከሌሎች አገሮች ማስረጃ ጋር ተደምሮ፥ የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 መድኀኒቶቹ ተጣምረው እንዲሰጡ ለመከረው ምክር መንገድ ጠረገ። ዛሬ በየትኛውም አገር ያለ የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ የሚድነው በዚህ ጥምር መድኀኒት ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኢንስቲትዩቱ የሠሩት ኖርዌያዊው ዶክተር ቶሬ ጎዳልም ከ1986 እስከ 1998 በዓለም ጤና ድርጅት የሚገኘውን የሐሩር በሽታዎች የምርምርና የሥልጠና ፕሮግራም መርተዋል፤ ከዚያም የክትባት ኅብረት የሆነውን ጋቪን በመጀመሪያ ዓመታቱ በዋና ጸሐፊነት አገልግለዋል። በዚህ አንቀናም፤ ደስ ይለናል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን። አዲስ አበባ ለእንግዳው እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ልትሆን ከቻለች፥ ለራሷ ልጅ ስለ ምን ቍጥር መለጠፊያ ብቻ ትሆናለች?

ኢንስቲትዩቱ ስሙን የወሰደበት የሐኪሙ የሐንሰን ታሪክም ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው። ሐንሰን በበርገን ከተማ የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ያየው በ1873 ነው። ኖርዌይ ያን ጊዜ ከስዊድን ንጉሥ በታች ያለች አገር ነበረች። ሐንሰን ባክቴሪያውን ቢያየውም፥ በቀለም ነክሮ አጕልቶ የማሳየት ዘዴው ደካማ ነበር። በ1879 አልበርት ናይሰር የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም በርገንን ጐበኘ፤ ሐንሰንም ናሙና ሰጠው። ናይሰር ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በአዲሱ የማቅለም ዘዴ ባክቴሪያውን አጕልቶ አሳየና የግኝቱ ባለቤት እኔ ነኝ አለ። ሐንሰንም በ1880 መብቱን ለማስከበር መጻፍ ግድ ሆነበት። ሕሙማኑ የበርገን፥ ናሙናው የበርገን፥ የዓመታት ድካሙም የበርገን ነበር፤ ሊነጥቀው የተቃረበው ግን ዘዴውን የያዘው እንግዳ ነው። ዘዴውን ያልያዘ ሰው ናሙናውን ብቻ ቢይዝ ምን ይጠቅመዋል?

ደግሞም ሐንሰን ራሱ ከበደል ንጹሕ አልነበረም። በዚያው በ1879 ከሌላ ሕመምተኛ የተወሰደ ነገር ሳያስፈቅድ በአንዲት ሕመምተኛ ዓይን ላይ ሞከረ። በ1880 የበርገን ፍርድ ቤት ከሆስፒታል ሐኪምነቱ አነሣው። ስሙን ስንጠራ ሁለቱንም እናስታውስ፤ ዘዴ የሌለው ሊቅ እንደሚነጠቅ፥ ሊቅም ቢሆን ሕመምተኛን ሳይጠይቅ ቢነካ በሕግ እንደሚጠየቅ።

ይህን ስንናገር ከአንዳንድ መምህሮቻችን የሚሰጠንን መልስ እናውቀዋለን። «መሣሪያው የለም፤ ኬሚካሉ በጉምሩክ ይዘገያል፤ እናንተ ገና ናችሁ» ይሉናል። መሣሪያ ማነሱ እውነት ነው። ነገር ግን የጥናቱን ዓላማ ለተማሪ ለማስረዳት የትኛው ኬሚካል ያስፈልጋል? «ሳይንስ ወሰን የለውም» የሚሉም አሉ። ይህም እውነት ነው። ወሰን የሌለው ሳይንስ ከሆነ ታዲያ ደሙ ወደዚያ ሲሄድ ዕውቀቱ ስለ ምን ወደዚህ አይመጣም? ናሙና ከአገር ሲወጣ የስምምነት ወረቀት እንደሚፈረም እናውቃለን። ወረቀቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን በወረቀቱ ላይ የብልቃጡ ቍጥር በትክክል ተቈጥሮ፥ በዚያ ሥራ የሚሠለጥነው ሰው ካልተቈጠረ ጐደሎ ነው።

ጣታችንን ወደ ሌላ ስንቀስር ሦስቱ ወደ ራሳችን መመለሳቸውንም አንረሳም። ከእኛ መካከል ቲ ሴልንና ቢ ሴልን እንደ ዳዊት የሚደግም፥ ነገር ግን በአለርት ግቢ አንድ ቀን ያልረገጠ ስንት ነው? የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ በአውቶቡስ አጠገቡ ሲቀመጥ ቦታ የሚለውጥ የሕክምና ተማሪ የለምን? መድኀኒቱን ከጀመረ በኋላ በሽታውን ወደ ሌላ ማስተላለፉ ወዲያው እንደሚያበቃ ጽፎ ፈተና ያለፈው እርሱ አይደለምን? መመረቂያ ጽሑፉንስ በመደርደሪያ አስቀምጦ፥ የውጭ አገር ደብዳቤ ሲጠብቅ፥ ደም የሰጠውን ሰው ስም የረሳው ማን ነው? ለእኒያ እናት መልስ ያጣነው ሌላው ስለ ከለከለን ብቻ አይደለም። እኛም አጥብቀን ስላልጠየቅን ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው።

አንደኛ፥ ማንኛውም ተማሪ ለክረምት ሥራ ወደ ላቦራቶሪ ሲላክ፥ የጥናቱ ጥያቄ ምን እንደ ሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ይነገረው፤ ከመውጣቱም በፊት ቢያንስ አንዱን ምርመራ ከመነሻው እስከ ውጤቱ በገዛ እጁ ይሥራ።

ሁለተኛ፥ ናሙና ወደ ውጭ አገር የሚላክበት ጥናት ሁሉ አንድ ኢትዮጵያዊ ሠልጣኝ አብሮ ይላክበት፤ ዘዴውን ተምሮ ሲመለስም ለሌሎች የሚያስተምርበት ቦታና ጊዜ ይመደብለት። የተመለሰ ሰው ማይክሮስኮፕ አጥቶ በፋይል መካከል ቢቀመጥ መላኩ ከንቱ ነው።

ሦስተኛ፥ የመመረቂያ ጽሑፍ ከመጽደቁ በፊት ውጤቱን የሚያስረዳ አንድ ገጽ ደም በሰጡት ሰዎች ቋንቋ፥ በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ ወይም በሌላ፥ ይጻፍ፤ ማንበብ ለማይችሉም ይነበብላቸው። «ገና አልታወቀም» የሚል መልስም መልስ ነው። ዝም ማለት ግን መልስ አይደለም።

አራተኛ፥ ይህን ከመምህራን ብቻ አንጠብቅ። ባለፉት ዓመታት የተጻፉትን የመመረቂያ ጽሑፎች በአንድ በአንድ ገጽ የሚያሳጥርና የሚተረጕም የበጎ ፈቃድ ቡድን ማኅበራችን ያቋቁም። ለዚህ ሥራ ወረቀት፥ እርሳስና አንድ ቅዳሜ ብቻ ያስፈልጋል፤ ከጉምሩክ የሚለቀቅ ዕቃ አይጠበቅም።

ላቦራቶሪዎቻችን ይዘጉ፥ እንግዳም ይባረር አንልም። እንግዳ ሲመጣ ባለቤቱ ቤት ውስጥ ይገኝ እንላለን። ባለቤትነትም በአዋጅ ወይም በደጃፍ ሰሌዳ አይገኝም፤ ዘዴውን በመያዝና ለሕመምተኛው መልስ በመስጠት ይገኛል።

ይህ ጕዳይ በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ ውስጥ እንዲገባ ፊርማ እያሰባሰብን ነው። የምትስማሙ ፈርሙ። የምትቃወሙ፥ በተለይም መምህሮቻችን፥ ምክንያታችሁን ጽፋችሁ ላኩልን፤ በሚቀጥለው እትም ሳንቈርጥ እናወጣዋለን። እኛም የሰየምናቸው ሁለት ጓደኞቻችን በዚህ ሳምንት ወደዚያ ላቦራቶሪ ሄደው፥ የእኒያ እናት ደም ምን እንዳለ በማኅበሩ ስም በጽሑፍ ይጠይቃሉ። የሚሰጠንን መልስ፥ መልስ ካጣንም ማጣታችንን፥ አስቀድመን ለእርሳቸው፥ ቀጥሎም በዚሁ ገጽ ለእናንተ እንነግራለን።