ፕላዝማው ቴሌግራም ውስጥ ሲገባ

ፕላዝማን ታስታውሱታላችሁ? ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሃይስኩሎቻችን የገባውን ማለቴ ነው። በሳተላይት የሚመጣው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ይነጉዳል፤ የክፍሉ አስተማሪ ጥግ ይዞ ይቆማል። ጥያቄ ይሰጠናል፤ እስክሪብቶ ሳናነሳ መልሱ ከች ይላል። "ቆይ፣ አልገባኝም" ብትሉ ማን ይሰማችኋል? ቴሌቪዥን ነዋ!

አሁን ማታ ማታ ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። ሰሞኑን አንድ መምህራችን (ስማቸው ይቆየን) "በአዲስ ዘዴ ነው የምንማረው" ብለው የአንድ ሰዓት ቪዲዮ በቴሌግራም ላኩልን። ዘዴው "ፍሊፕድ ክላስሩም" ይባላል። ገለጻውን ቤት አይታችሁ ኑ፣ የቤት ሥራውን ክፍል ውስጥ አብረን እንሠራለን ማለት ነው። ግማሾቻችን ፓኬጅ ገዝተን አየነው። ክፍል ስንገባ መምህሩ "ያላያችሁ እጅ አውጡ" አሉ። የእጁ ብዛት አስደነገጣቸውና ያንኑ ትምህርት ከሀ እስከ ፐ ደገሙልን። በሳምንቱ ቪዲዮውን የከፈተ አልነበረም። ለምን ብሎ ይከፍታል?

ዘዴውን ጠልቼ አይደለም። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ጆናታን በርግማንና አሮን ሳምስ የሚባሉ የኬሚስትሪ አስተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ትምህርታቸውን መቅረጽ የጀመሩት ከክፍል ለሚቀሩ ተማሪዎች ብለው ነበር። ኋላ ግን አንድ ነገር ገባቸው፦ ተማሪ አስተማሪውን አጥብቆ የሚፈልገው ገለጻ ሲሰማ ሳይሆን ጥያቄው አልፈታ ሲለው ነው። የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ንባቡን ቀድመው ለተማሪዎቻቸው እየሰጡ የክፍሉን ሰዓት ለጥያቄ አዋሉት። ተማሪው መጀመሪያ ለብቻው ይመልሳል፣ ከዚያ ከጎኑ ካለው ጋር ይከራከራል፣ ከዚያ እንደገና ይመልሳል።

አያችሁ፣ ቁም ነገሩ ቪዲዮው አይደለም፤ ነፃ የወጣው የክፍል ሰዓት ነው። ፕላዝማ የበላብን እሱን ነበር።

ስለዚህ ዝግጅቱ ከመጨረሻው ይጀምር። ተማሪው ከክፍል ሲወጣ ምን መሥራት ይችላል? ለዚያ የሚያበቃው የክፍል ሥራ የትኛው ነው? ቪዲዮው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ለሥራው የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ። አሥር ደቂቃና ሁለት ጥያቄ ይበቃዋል። መልሳችን ከክፍል በፊት ከደረሳቸው መምህሩ የት ላይ እንደተሰናከልን አውቀው ይገባሉ። ያላየ ሰው ጥግ ይዞ ይይ እንጂ ገለጻው አይደገም፤ ከተደገመ ያየው ሰው ተቀጣ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አይረሳ። ፓኬጅ ለሌለው በፍላሽ ወይም በወረቀት ይድረሰው። አለበለዚያ "ሰነፍ" እያልን የምንቀጣው ኪሱ ባዶ የሆነውን ነው።

ቲቸር፣ ቪዲዮውን ያሳጥሩልን። ክፍል ውስጥ ግን "ቆይ፣ አልገባኝም" ስንል የሚሰማን ሰው እንፈልጋለን። ቴሌቪዥኑንማ ሃይስኩል ጠግበነዋል።