የቀይ ዳማን የማያውቀው ብርሃን

ምላጭ፣ ክርና ሐላዋ ብቻ ይታወቁበት በነበረው የፀጉር ማንሣት ሥራ ላይ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አንድ አዲስ ዕቃ ተጨምሯል። መጠኑ የፀጉር ማድረቂያ ያህል ሆኖ፣ ቆዳ ላይ ለጥፈው ሲጫኑት ብልጭ የሚል፣ ያለ ባለሙያ በየቤቱ የሚሠራበት የብርሃን መሣሪያ ነው። ከዓረብ አገር የተመለሰች እኅት በሻንጣዋ ይዛው ትመጣለች፤ ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ በስጦታ ያበረክተዋል፤ ሚዛን ተፈሪና ቴፒም ከዚህ ጉዞ ውጭ አይደሉም። ተማሪዎች ስለ ብርሃን በተማሩ ማግሥት «ይህ ነገር ለእኛ ቆዳ ይሆናል ወይ?» ብለው ሲጠይቁን፣ «ይህ የውበት ሳሎን ጉዳይ ነው» ብለን ልናልፈው አንችልም። ጥያቄው ከሥር እስከ ጫፉ የፊዚክስ ጥያቄ ነውና።

መሣሪያውን ለማውገዝ አልተነሣንም። በአግባቡ ለተጠቀመበትና ለሚስማማው ሰው የሚሠራ ዕቃ ነው። ልናሳስብ የምንወደው ግን አምራቹ በሳጥኑ ላይ ያተመው የቆዳ ቀለም ሰንጠረዥና እኛ ስለ ቆዳችን የምንነጋገርበት ቋንቋ ጨርሶ የማይገጥሙ መሆናቸውን ነው። በእኛ አስተያየት አደጋው የሚጀምረው ከዚህ አለመግባባት ነው።

አስቀድመን አሠራሩን እንመልከት። በዚህ በቡና አገር ለሚኖር ሰው ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በአንድ የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ በአንድ በኩል የታጠበ ቡና ከነስስ ገለባው፣ በሌላው በኩል የጠቆረ ጀንፈል ተሰጥተው ቢሆን፣ ሁለቱም እኩል የደረቁ ከሆኑ በቀትር ላይ እጁን የሚያሳርፍ ሰው ጀንፈሉ ይበልጥ መጋሉን ይረዳል። ፀሐይዋ አንድ ናት፤ የወረደውም ብርሃን እኩል ነው። ነጣ ያለው ብዙውን ብርሃን ይመልሳል፣ ጥቁሩ ግን ውጦ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። (እርጥበቱ እኩል ይሁን ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሚተነው ውኃ ሙቀት ስለሚወስድ ንጽጽሩን ያበላሸዋል።)

የፀጉር ማንሻውም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። በመሣሪያው ውስጥ ያለው የዜኖን አምፖል ኃይለኛ የብርሃን ምት ይረጫል። ብርሃኑ እንደ ሌዘር አንድ የሞገድ ርዝመት ብቻ ያለው ሳይሆን፣ በማጣሪያ ተከርክሞ ከ500 ናኖ ሜትር አካባቢ ጀምሮ እስከ 1200 ናኖ ሜትር ገደማ የተዘረጋ ቅይጥ ነው። በፀጉሩ ውስጥ ያለው ሜላኒን የተባለው ጥቁር ቀለም ብርሃኑን ይውጣል፤ ፀጉሩ ይግላል፤ ሙቀቱም ወደ ፀጉሩ ሥር ተሻግሮ የሚያበቅለውን ክፍል ይጎዳል። ችግሩ ሜላኒን የሚገኘው በፀጉር ብቻ አለመሆኑ ነው። ለቆዳችን ቀለሙን የሰጠውም ይኸው ሜላኒን ነው፤ የሚገኘውም በላይኛው ሽፋን፣ ማለትም ብርሃኑ ወደ ፀጉሩ ሥር ሲወርድ ግድ በሚያልፍበት በር ላይ ነው። ቆዳው በጠቆረ መጠን በሩ ላይ የሚቀረው ብርሃን ይበዛል። ያን ጊዜ የሚቃጠለው ፀጉሩ ሳይሆን በረኛው ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1983 አንደርሰንና ፓሪሽ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች በዚህ ሥራ ላይ የጊዜን ድርሻ ግልጽ አደረጉ። አንድ የጋለ አካል ሙቀቱን ለአካባቢው ለማስረከብ የሚፈጅበት ጊዜ ከውፍረቱ ካሬ ጋር ይመጣጠናል፤ ውፍረቱ 10 እጥፍ ቢሆን የሚቀዘቅዝበት ጊዜ 100 እጥፍ ነው። 0.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፀጉር ሥር ለመቀዝቀዝ 20 ሚሊ ሰከንድ ያህል ሲወስድበት፣ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው የላይኛው የቆዳ ሽፋን ግማሽ በሚሆን ጊዜ ሙቀቱን ያራግፋል። ስለሆነም የብርሃኑ ምት ቆዳው እየቀዘቀዘ፣ ፀጉሩ ግን ሙቀቱን እንደያዘ እንዲቆይ ተደርጎ ሊመጠን ይችላል። ብልሃቱ ያማረ ነው። ሆኖም ልዩነቱ ያን ያህል ሰፊ ስላልሆነ፣ ቆዳው ራሱ አብዛኛውን ብርሃን በዋጠ ጊዜ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ የሚገኘው ትርፍ አያድነውም።

አሁን ወደ ቋንቋው እንምጣ። አማርኛ ለቆዳ ቀለም የራሱ መለኪያ አለው፤ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እንላለን። መለኪያው ለእኛ በቂና ውብ ነው፤ ነገር ግን አንጻራዊ ነው። «ቀይ ናት» ስንል ከእኛው መካከል ከሌሎቹ ፈካ ያለች ናት ማለታችን እንጂ ከዓለም ሕዝብ ሁሉ ጋር አነጻጽረን አይደለም። ከልጅነቷ ጀምሮ «ቀይዋ ልጅ» ስትባል ያደገች ወጣት የመሣሪያውን መመሪያ ስትከፍት ነጭ፣ ስንዴ መሳይ፣ ቡናማ፣ ጥቁር ቡናማ የሚሉ ሥዕሎችን ታያለች። ራሷን ከፈካው ወገን ብትመድብ አይፈረድባትም፤ ቤተሰቧም ጎረቤቷም የመሰከሩላት ይህንኑ ነው። በሰንጠረዡ ግን ቦታዋ ብዙውን ጊዜ 4ኛው ወይም 5ኛው ደረጃ ነው። ለ2ኛ ደረጃ የተመጠነውን ኃይል በክንዷ ላይ ስትለቀው ቆዳዋ የሚቀበለው ሙቀት አምራቹ ካሰበው ብዙ ይበልጣል። ለመሣሪያው ቀይነቷ ወሬ ነው፤ የሚቆጥረው ሜላኒኗን ብቻ ነው።

ስለዚህ ሰንጠረዥ አመጣጥም ጥቂት ማለት ይገባል። የ6ቱ ደረጃዎች አባት አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ቶማስ ፊትዝፓትሪክ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጡት ለፀጉር ማንሻ ሳይሆን፣ በአልትራቫዮሌት ጨረር የሚታከሙ ሕሙማን ምን ያህል ጨረር እንደሚችሉ ለመገመት ነበር። ጥያቄው «ፀሐይ ስትመታህ ትቃጠላለህ ወይስ ትጠቁራለህ?» የሚል ነበር። ሲጀመርም ደረጃዎቹ 4 ብቻ ሆነው ለነጭ ቆዳ የታሰቡ ነበሩ፤ ቡናማና ጥቁር ቆዳ 5ኛና 6ኛ ተብለው የተጨመሩት ኋላ ነው። እንግዲህ እኛ በመለኪያው ጅራት ላይ የተቀጠልን ነን ማለት ነው። የነጩን ዓለም ቆዳ በ4 ከፍሎ የሚያይ መለኪያ፣ ከሸካ ደን እስከ ሰሜን ተራሮች ያለውን የቀለም ዓይነት ሁሉ በ2 ወይም በ3 ሳጥን ሲጠቀልለው ፊዚክስን የሚያስተምር ሰው ዝም ሊል አይገባውም እንላለን።

ነገሩ በፀጉር ማንሻ ብቻ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተጨነቅን። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ጣት ላይ እየተሰካ የደምን ኦክሲጅን የሚለካው ትንሽ መሣሪያም የሚሠራው በቀይና በታሕተ ቀይ ብርሃን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ባሳተሙት ጥናት መሠረት፣ ኦክሲጅናቸው በአደገኛ ሁኔታ ወርዶ ሳለ መሣሪያው «ደህና ነው» ያላቸው ጥቁር ሕሙማን፣ በመጠን ከነጮቹ ወደ 3 እጥፍ ይጠጉ ነበር። በዚያኛው ሕይወት፣ በዚህኛው ቆዳ ቢሆንም፣ ሥሩ አንድ ነው።

ደግነቱ፣ ከቤት ውስጥ መሣሪያዎች አንዳንዶቹ የቆዳ ቀለም ዳሳሽ አላቸው። ዳሳሹ ጥቂት ብርሃን ልኮ የሚመለሰውን ይለካል፤ የተመለሰው ካነሰ አልሠራም ይላል። ይህ እምቢታ ሲያጋጥም ተበላሽቷል ብሎ ነጣ ባለ ቦታ እያስነኩ ማታለል በራስ ላይ እሳት መጫር ነው። ርካሾቹ መሣሪያዎች ደግሞ ከነጭራሹ ዳሳሽ የሌላቸው አሉ። ዳሳሽ የሌለውን መሣሪያ ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ባይገዛው ይሻላል፤ የቀይ ዳማ የሆነውም ቢሆን ደጋግሞ ያስብ። ብዙዎቹ አምራቾች ራሳቸው በመመሪያው ውስጥ 6ኛውን ደረጃ፣ ከፊሎቹም 5ኛውን ጭምር ከልክለዋል። ይህን ክልከላ እንደ ንቀት የሚወስዱ ወጣቶች አሉ። ንቀት አይደለም፤ ከላይ የገለጽነው የበሩ ስሌት ነው። ይልቅስ ጥያቄ የሚገባው ክልከላው በደቃቅ ፊደል መጻፉና ሻጩም ሳያነብልን መሸጡ ነው።

መሣሪያው የተፈቀደለት ሰው አስቀድሞ ፀጉሩን በምላጭ ይላጭ እንጂ በክር ወይም በሐላዋ አይንቀል። የተነቀለ ፀጉር ከሥሩ ስለሚወጣ ብርሃኑን የሚውጥ አይገኝም፤ ያልተላጨው ደግሞ ከቆዳው በላይ እያረረ ቆዳውን ይለበልባል። ሽበትና ነጭ ፀጉር ሜላኒን ስለሌላቸው አይነሡም፤ ኃይሉን መጨመር ቆዳውን ከማቃጠል በቀር ፋይዳ የለውም። ሲጀመር ዝቅተኛው ኃይል በትንሽ ቦታ ተሞክሮ ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ቆዳው ለጠቆረ ሰው 48 ሰዓት ቢጠበቅ መልካም ነው። ሙከራው ሊሠራበት በታሰበው በዚያው የሰውነት ክፍል ላይ ይሁን፤ የአንድ ሰው ብብት፣ ክርንና የክንድ ውስጠኛ ክፍል አንድ ዓይነት ቀለም የላቸውምና። ከዋንዛና ከሰሳ ጥላ ሥር ቡና ሲለቅም የሰነበተና በማድረቂያው አልጋ ዳር ፀሐይ ላይ የዋለም እንዲሁ አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ቆዳው ወደ ቀድሞ መልኩ እስኪመለስ ሳምንታት መታገሥ አለበት።

ንቅሳት ባለበት ቦታ፣ በአንገት ወይም በግንባር ላይ ያለው የእናቶቻችን ጌጥ ጭምር፣ መሣሪያው ፈጽሞ ማረፍ የለበትም፤ ቀለሙ ከሜላኒን ባልተናነሰ ብርሃን ይውጣል። የማርያም ስሞሽ የምንለውም ምልክት እንዲሁ ነው። ለወባም ሆነ ለሌላ ሕመም ዶክሲሳይክሊን የሚወስድ ሰው ቆዳው ለብርሃን ሊቆጣ ስለሚችል አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ። ቆዳ ለማንጣት ክሬም የሚቀባ፣ የሳሳ ቆዳውን ለዚህ ብርሃን ማቅረቡ በችግር ላይ ችግር መደረብ ነው። ዓይንስ? እኛ በውጭ አገር ስንማር ያለ መከላከያ መነጽር ወደ ሌዘር ቤተ ሙከራ መግባት ከፈተና እንደ መቅረት ይቆጠር ነበር። ይህም መሣሪያ ወደ ዓይን አይዞር፤ በቅንድብና በዓይን ዙሪያም አይሠራበት። በርካታ አምራቾች ከ18 ዓመት በታች ላሉትና ለወንዶች ፊትም አይፈቅዱትም።

ቢበላሽ ደግሞ ለሬዲዮ ጠጋኝ አይሰጥ፣ በቤትም አይፈታ። አምፖሉን የሚያበራው ካፓሲተር በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ያጠራቅማል፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ይዞት ይቆያል። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነም ቻርጀሩ ላይ 240 ቮልት የሚል መኖሩ ይታይ፤ የእኛ መስመር 220 ነው።

ቃጠሎ ከደረሰ ቦታውን በሚወርድ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ማቆየት ይገባል። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የቡና ዱቄት አይደረግበት። ውኃ ከቋጠረ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ ቃጠሎው ከዳነ በኋላም ጥቁር ምልክት ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ፀጉሩን ያፈረችበት ልጅ ጠባሳውን ይዛ ስትቀር ማየት ያሳዝናል።

ታዲያ ጥቁር ቆዳ ከዚህ ቴክኖሎጂ ተገልሏል ማለት ነውን? አይደለም። የሜላኒን ብርሃን የመዋጥ አቅም የሞገዱ ርዝመት በጨመረ ቁጥር ይቀንሳል። ስለዚህ 1064 ናኖ ሜትር ላይ የሚሠራው ኤን ዲ ያግ ሌዘር በሩን በቀላሉ አልፎ በጥልቀት ይወርዳል፤ በሠለጠነ ሐኪም እጅና በቆዳ ማቀዝቀዣ ታግዞ ለጥቁር ቆዳ የሚመረጠውም እርሱ ነው። ከርዳዳ ጢማቸው ከተላጨ በኋላ ወደ ቆዳ እየተመለሰ እባጭ ለሚያወጣባቸው ወንዶች ይህ ሌዘር ቅንጦት ሳይሆን ሕክምና ነው። በፊቷ ላይ ድንገት ፀጉር የበዛባትና የወር አበባዋ የተዛባባት ሴትም ከማንኛውም ብርሃን በፊት ሐኪም ልታማክር ይገባል፤ ነገሩ የሆርሞን ሊሆን ይችላልና። ከቴፒ ተነሥቶ እስከ ጅማ ወይም እስከ አዲስ አበባ መጓዝ ቢያስፈልግ እንኳ፣ መንገዱ ከጠባሳው ይቀላል።

የእኛን የሳይንስ መምህራንና ተማሪዎች ድርሻ በተመለከተ የምናቀርበው ሐሳብ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የቆዳችንን ቀለም በራሳችን እንለካው። አንድ ቀይና አንድ ታሕተ ቀይ ኤል ኢ ዲ፣ አንድ ፎቶዳዮድ፣ ከውጭ ብርሃን የሚከልል ጥቁር ቱቦና አንድ መልቲሜትር ይበቃል። መነሻው የነጭ ወረቀት ንባብ ይሁን፤ ከዚያ በፈቃደኞች ላይ የክንድ ውስጠኛው ክፍል፣ ፀሐይ የሚያገኘው የእጅ ጀርባና ክርን እያንዳንዳቸው 3 ጊዜ ይለኩና አማካያቸው ይያዝ። ስም አይጻፍ። በሌላ ዓምድ ግን ተለኪው ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራ፣ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም ወይስ ጥቁር፣ ከቁጥሩ ጎን ይመዝገብ።