«አገኙት» የሚለው ቃል ይታረም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ አላስካው የኬኒኮት መዳብ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከጥንቱ የእሳተ ገሞራ ባዛልት ትኩስ ውሃ መዳቡን አጥቦ ከላይ ባለው የኖራ ድንጋይ ውስጥ እንዴት እንዳከማቸው በሚገባ ተብራርቷል። ያንገበገበኝ ሌላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1900 ሁለት ማዕድን ፈላጊዎች ሰው በማያውቀው ተራራ ላይ መዳብ አገኙ ማለታችሁ።

ማን ነው የማያውቀው? የአካባቢው ነባር ነዋሪዎች የአትና ሰዎች ንጹሕ መዳብ ከጅረት እየለቀሙ፣ እየቀጠቀጡ ቢላ ሲሠሩበት ኖረዋል። በ1885 የአሜሪካ ጦር መኮንን ሄንሪ አለን ከነጓደኞቹ በረሃብ ተዳክሞ ሲደርስ ተቀብሎ ያበላቸው የአትናዎቹ አለቃ ኒኮላይ ነው። በ1899 ደግሞ ይኸው አለቃ በስንቅ ልዋጭ የመዳብ ቦታ ለፈላጊዎች ጠቆመ። እናንተ ያነሣችኋቸው ሁለቱ ፈላጊዎች፣ ዋርነርና ስሚዝ፣ ከሩቅ ሣር የመሰላቸውን አረንጓዴ ገደል ያዩት ከዚያ በኋላ ነው።

አለቃው የጠቆመው ቦታ ሌላ፣ ሁለቱ ያዩት ሌላ ነው የሚለኝ ይኖራል። ይሁን፤ በዚያ አካባቢ መዳብ እንዳለ የነገራቸው ግን ማን ነው? ነባሮቹ ጥቅሙን አያውቁትም ነበር የሚለውን ደግሞ መስማት አልፈልግም። በመዳብ ቢላ ሥጋ የቆረጠ ሰው የመዳብን ጥቅም ማንም አያስተምረውም። ያልነበራቸው በ1911 የተጠናቀቀው የ315 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ነው። የማዕድን ማውጫው በ1938 እስኪዘጋ ከግማሽ ሚሊዮን ቶን በላይ መዳብ ወጥቷል።

ይህን ያህል የምቆጨው ያለ ምክንያት አይደለም። በወጣትነቴ በአገራችን ሰሜን ውስጥ ለጂኦሎጂ ካርታ ሥራ ስንዞር አንድ የፍየል እረኛ ከነጠላው ጫፍ ቋጠሮ ፈትቶ አንድ ድንጋይ ሰጠኝ። ላዩ እንደ ከረመ የነሐስ ድስት አረንጓዴ ነው፤ ስሰብረው ውስጡ ወርቃማ ሆኖ አብለጨለጨ፣ ለመጠኑም ከባድ ነበር። «ጋሼ፣ ከላይኛው ገደል ነው፤ ዝናብ ሲያጥበው ይበልጥ ይለያል» አለኝ። ግማሽ ቀን በእግር መርቶ አደረሰኝ። መዝገቡ ላይ «በመስክ ቅኝት የተገኘ» ተብሎ ሰፈረ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። የልጁን ስም አልጠየቅኩትም።

ካርታዎቻችንም ያው ናቸው። የመንደሩ ስም ተጣሞ ይጻፋል፤ ነዋሪውን ጠይቆ የሚያርመው የለም። ተራራውን የሚያውቀው እዚያው የሚኖረው ነው፤ ጂኦሎጂስቱ የሚለካው እሱ ያሳየውን ነው። ስለዚህ «አገኙት» አትበሉ፤ «ተመሩ» በሉ።

በሚቀጥለው እትም የአለቃ ኒኮላይን ስም እንድታወጡ እጠይቃለሁ። የዓለም ጂኦሎጂስቶች መዳቡ የታጠበበትን ያንን ባዛልት እስከ ዛሬ የሚጠሩት «ኒኮላይ ግሪንስቶን» ብለው ነው።

አንባቢያችሁ፣ ጡረታ የወጣ ጂኦሎጂስት