ያልተለካ አየር፣ ያልተፈተነ ሞዴል

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ አግዳለች። አስቀድሞም በ2020 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሎ ነበር። ሁለቱም ደፋር ርምጃዎች ናቸው። ሆኖም የአዲስ አበባ አየር በእነርሱ ምክንያት ምን ያህል እንደ ጠራ በቁጥር ማሳየት ካልተቻለ፣ ጥቅማቸውን ማስመስከርም ሆነ ጉድለታቸውን ማረም አዳጋች ነው።

ይህን ለማስላት የሚያገለግለው የልቀት ሞዴል ነው። የተሽከርካሪዎች ብዛት፣ የሚጓዙት ርቀትና እያንዳንዱ በኪሎ ሜትር የሚለቀው በካይ መጠን ይባዛሉ፤ ውጤቱ ከነፋስና ከአየር ጠባይ ጋር ተዳምሮ ብክለቱ የት ሰፈር እንደሚከማች ይተነብያል። ችግሩ ግብአቱ ላይ ነው። የልቀቱ መጠን በአብዛኛው የሚወሰደው ለአውሮፓ ወይም ለአሜሪካ መኪኖች ከተዘጋጀ ሠንጠረዥ ነው። 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በሳሳ አየር ዳገት የሚወጣ አሮጌ ሚኒባስ ግን በዚያ ሠንጠረዥ በትክክል አይወከልም። ከየቤቱ የሚወጣው የማገዶና የከሰል ጭስም ከመኪናው ጭስ ጋር ስለሚቀላቀል ስሌቱን ያወሳስበዋል።

እገዳው አዲስ የሚገባውን መኪና ይከለክላል እንጂ በመንገድ ላይ ያለውን አያስወጣም። ስለዚህ ቀጣዩ ጥያቄ ከነባሮቹ መካከል በየትኛው ላይ ቅድሚያ ርምጃ ይወሰድ የሚል ይሆናል። ያልተፈተነ ሞዴል ጥፋቱን ያለ አግባብ በሚኒባስ ታክሲ ላይ ቢጥል፣ ሾፌሩና ረዳቱ እንጀራቸውን ያጣሉ፤ በጭነት መኪኖች መተላለፊያ ዳር የሚያድጉ ሕፃናት ግን ያንኑ ጭስ መተንፈሳቸውን ይቀጥላሉ።

ሞዴልን የሚፈትነው በቦታው የተተከለ መለኪያ ነው። ከ2016 ጀምሮ በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ መለኪያ ይህን መረጃ ለሕዝብ ሲያደርስ ቆይቷል። ፒ.ኤም. 2.5 የተሰኘው ደቃቅ ብናኝ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ካስቀመጠው ወሰን፣ ማለትም በዓመት በአማካይ 5 ማይክሮግራም በሜትር ኪዩብ፣ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ በዚሁ ታውቋል። በማርች 2025 ግን የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የበጀት ምክንያት ጠቅሶ የኤምባሲዎቹን መረጃ በቀጥታ ማሰራጨቱን አቁሟል።

በዋሽንግተን የሕግ አውጪዎች ረዳቶች ሊያነሡት የሚገባው ጥያቄ ግልጽ ነው፤ የመለኪያዎቹ መረጃ ዳግም ለሕዝብ ይከፈት። የመብት ተሟጋቾች ደግሞ አዲስ አበባ በዋና ዋና መንገዶች ዳር የራሷ መለኪያዎች እንዲኖሯት፣ ውጤታቸውም በየሰዓቱ ይፋ እንዲሆን፣ በዓመታዊው የቦሎ ምርመራ የእያንዳንዱ መኪና ጭስ ተለክቶ ለሞዴሉ ግብአት እንዲውል ግፊት ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። እገዳው መሥራት አለመሥራቱን ሊመሰክር የሚችለው እንዲህ ያለ መዝገብ ብቻ ነው።