ጀሪካኑ አልከበዳትም

ሰሞኑን አንድ ወጣት ብቻውን ሠርቶ በዩቲዩብ የለቀቀውን የሁለት ደቂቃ አኒሜሽን አየሁ። አንዲት ልጅ በቢጫ ጀሪካን ውኃ ቀድታ፣ በገመድ አዝላ ዳገት ትወጣለች። ታሪኩ ይኸው ነው፤ ወድጄዋለሁ። ያናደደኝ ከሥሩ የተደረደረው አስተያየት ነው። «በርታ»፣ «ምርጥ ሥራ»፣ «ገና ዓለምን ታስደንቃለህ»።

ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ቁም ነገር የጻፈው አንድ ብቻ ነው። «ሃያ ሊትር ውኃ ሃያ ኪሎ ነው። ልጅቷ ግን ስታዝለው ወገቧ አልጎበጠም፣ ስታወርደው ጉልበቷ አልታጠፈም። ዳገቱ ላይም እግሯ ይንሸራተታል» አለ። ወዲያው ወረዱበት። «ምቀኛ!» «እስቲ አንተ ሠርተህ አሳየን!» «ሐበሻ ሰው ሲያድግ አይወድም!»

ተመልሼ አየሁት፤ ሰውየው ያለው ልክ ነው። መሬት የነካ እግር እስኪነሳ ድረስ ካረፈበት ንቅንቅ ማለት የለበትም፤ ከላዩ አልፎ የሚሄደው ገላ ነው። የእርምጃው ርዝመትና የገላው ፍጥነት ካልተስማሙ ልጅቷ ሳሙና የፈሰሰበት ወለል ላይ የምትሄድ ትመስላለች። ክብደትም እንዲሁ ነው። በኮምፒውተር የተሠራ ጀሪካን ኪሎ የለውም፤ መክበዱን የሚነግረን የተሸካሚዋ ገላ ነው። ከመነሳቷ በፊት ዝቅ ማለት፣ እግሯን ከፈት ማድረግ፣ ትንፋሿን መሰብሰብ ነበረባት። የዲዝኒዎቹ ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ከዘረዘሯቸው 12 የአኒሜሽን መርሆዎች አንዱ ይኸው ከድርጊት በፊት የሚመጣው መዘጋጀት ነው።

«ለጀማሪ እንዲህ አይባልም፣ ሞራሉ ይነካል» የሚሉ አሉ። አልቀበላቸውም። ሌሊቱን ሙሉ የአንዲት ልጅ ጣት ሲያንቀሳቅስ ያደረን ሰው፣ ሥራውን በቅጡ ሳያዩ «በርታ» ብሎ ማለፍ ንቀት ነው። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው በዚህ አይከራከረኝም። ተማሪው ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ለየኔታ ይነግራል፤ ቤት ካልመታ፣ ምሥጢሩ ካልገጠመ እዚያው በጓደኞቹ ፊት ይታረማል። የኔታን ምቀኛ ያለ ተማሪ አልሰማሁም። በደርግ ዘመን ሂስና ግለ ሂስ በሚባለው ስብሰባ የተቀመጡ ታላላቆቻችን ነገሩ ቢያስበረግጋቸው አልፈርድባቸውም፤ እዚያ የሚብጠለጠለው ሰውየው ነበር። የኛ አስተያየት ሰጪ ግን ስለ ልጁ አንዲት ቃል አልወጣውም። የተናገረው ስለ ወገብና ስለ ጉልበት ነው።

ምስጋናም ቢሆን እንዲህ ሲሆን ይጠቅማል። ልጅቷ የጠራት ሰው ድምፅ ሰምታ ስትዞር፣ አንገቷ ከመንቀሳቀሱ በፊት ዓይኗ ቀድሞ ይሄዳል፤ በመሀል ሽፋሽፍቷ ርግብ ይላል። ይህን የሠራ ልጅ ሰው አስተውሎ ያያል። ይህችን ለይቶ የነገረው ሰው ግን አላገኘሁም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ያ እውነተኛ አስተያየት የመጣበት ጊዜ ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም ከተባለ ሁለት ደቂቃ 2,880 ፍሬም ነው። ደከም ያለ ላፕቶፕ አንዱን ፍሬም ሬንደር ለማድረግ፣ ማለትም የመጨረሻ ምስሉን ለማውጣት፣ ሦስት ደቂቃ ቢወስድበት፣ ሥራው ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ ስድስት ቀን ይፈጃል፤ ያውም መብራት ካልጠፋ። ይህን ጨርሶ ለወጣ ልጅ «ወገቧን አስተካክል» ቢሉት በምን አቅሙ ይመለስበታል? ፒክሳር ውስጥ አኒሜተሮች ያላለቀ ሥራቸውን በየዕለቱ ለባልደረቦቻቸው የሚያሳዩት ወድደው አይደለም። «ቶይ ስቶሪ» እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1993 ለዲዝኒ ኃላፊዎች ሲቀርብ ገና ረቂቅ ነበር። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዉዲ ክፉ ሆኖ ስለታየ ሥራው ቆመ፤ ታሪኩ እንደ አዲስ ተጻፈና ፊልሙ በ1995 ወጣ። ያን ቀን የተጣለው ረቂቅ በመሆኑ መመለስ ተቻለ።

ስለዚህ ወጣቱ ቀጣዩን ሥራ ገጸ ባሕርያቱ ቀለም ሳይቀቡ፣ ገና ግራጫ ሳሉ ለሰው ያሳይ። ለማን ቢሉኝ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ውኃ በጀርባዋ አዝላ ለምታውቅ ሴት ነው የምለው። «ሠርተህ አሳየን» የሚሉት ቢሰሙም ባይሰሙም፣ እሷ አኒሜሽን ሠርታ አታውቅም፤ ፍሬም ምን እንደሆነም ላትሰማ ትችላለች። ገመዱ ደረቷን የት ላይ እንደሚይዛት፣ ዳገቱ ሲበረታ እጇ የት እንደሚገባ፣ ስታወርደው በየትኛው ጎኗ እንደምታዘነብል ግን ታውቃለች። ፈቃደኛ ከሆነች ስትሸከም በስልኩ ይቅረጻት፤ ቪዲዮውን ፍሬም በፍሬም እያቆመ የልጅቷን ወገብ ከእሷ ወገብ ጋር ያስተያይ። ሬንደሩን ከዚያ በኋላ ይጀምር።